ከአጥሩ ወይስ ከበሩ

እትዬ የትናየት ቅዳሴው ሳያልቅ ወደ ቤት ተመለሱ። ጤናዬ የኋላውን ክፍል ስትጠርግ ኮቴያቸውን ሰማችና ቀና አለች፤ ጆሮዋንም ወደ ድምፅ ማጉያው ጣል አደረገች። ቤታቸው ከአስፋልቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚያስገባው መንገድ ላይ ስለሆነ ዜማው እቤት ድረስ ይገባል፤ ቅዳሴው የት ጋ እንደደረሰ አልጋው ላይ የተኛ ሰው እንኳ ያውቀዋል። ገና ቆራቢ አልተጠራም። እትዬ የትናየት ደግሞ ቆራቢ ናቸው። ከጃናሞራ መጥተው ከሟች ወንድማቸው፣ ከጤናዬ ባል ቤት ከገቡ ጀምሮ የነሐሴን ተክለ ሃይማኖት ሳይቆርቡ የዋሉበት ዓመት የለም። ከትናንት ጀምሮም እህል ውሃ አፋቸው አልገባም። ታዲያ ምን ሆኑና ነው ጭቃውን እየረገጡ በዚህ ሰዓት የመጡት?

«እትዬ፣ ምነው? አመመዎ እንዴ?»

«ደህና ነኝ።»

«ቅዳሴው እኮ ገና ነው።»

«በረደኝ» አሉና መደቡ ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

በረደኝ! ጃናሞራ አፋፍ ላይ ውርጭ ረግጠው ያደጉ ሴት በደባርቅ ካፊያ በረዳቸው ቢባል ማን ያምናል? ጤናዬ አላመነችም። መጥረጊያዋን እንደያዘች ጀርባቸውን አየችው። ይሄ ዝምታ ዛሬ አልጀመረም። ከትናንት ወዲያ ማታም እራት ላይ አንድ ጊዜ ጎርሰው «በቃኝ» ብለው ተነስተዋል። ትናንት ቀኑን ሙሉ ዳዊታቸውን ገልጠው ሳያነቡ ተቀምጠው ውለዋል። ሰው ዝም ሲል ወይ አዝኗል፣ ወይ የሚደብቀው ነገር አለው። እትዬ ሲያዝኑ ደግሞ ዝም አይሉም፤ ለወንድማቸው ለአለነ እንኳ ሰፈሩን ሁሉ እስኪያስለቅሱ ነው ያለቀሱት።

ጤናዬ ድሮ እንዲህ ተጠራጣሪ ሴት አልነበረችም፤ የጫት ሱቋ በር ከታሸገ ወዲህ ነው እንዲህ የሆነችው። የሆነውም እንዲህ ነው። የከተማው ምክር ቤት ጫት ቤት ይኑር አይኑር የሚለውን ጣጣ ለየቀበሌው ተወውና እጁን ታጠበ። ቀበሌው ስብሰባ ጠራ። ከቤተ ክርስቲያንና ከትምህርት ቤት ሁለት መቶ ሜትር ሳይርቅ ጫት አይሸጥም የሚል ሐሳብ ቀረበና ሕዝቡ እጁን አወጣ። ጤናዬም አወጣች። አዎ፣ ራሷ! የእሷ ቤት ከሁለት መቶ ሜትር እንደሚርቅ በልቧ ለክታ ስለነበር፣ ውሳኔው ከእሷ በአንድ ቤት ለቤተ ክርስቲያኑ የሚቀርበውን ጫት ሻጭ ደርቤን የሚያስዘጋ መስሏት ነበር። በማግስቱ የደንብ አስከባሪው ኃላፊ ያርጋል ሜትሩን ይዞ መጣ። የእሷን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጀምሮ ለካና «አልሞላም» ብሎ አሸገው። የደርቤን ከቤተ መቅደሱ በር ጀምሮ ለካና «ሞልቷል» ብሎ ተወው። የደርቤ ሚስት የቀበሌው ሊቀመንበር እህት ናት። ይሄ ምን ይባላል? ጤናዬ አስፋልቱ ላይ ቆማ ጮኸች፣ ሰው ሰምቶ አለፈ፣ ደርቤም ደንበኞቿን እየጠራ አስገባ።

እሷም ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ለከተማው አቤት አለች፤ በሌላ በኩል ደግሞ የኋላውን በር ከፈተች። ምን ታድርግ? ልጇ ናዝራዊት ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ናት፤ የአባት አልባ ልጅ ትራንስፖርትና የኪስ ገንዘብ ከሰማይ አይወርድም። ጫቱ እንደ ድሮው ከጎንደር በሾፌሩ በቻላቸው ሚኒባስ በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ ይመጣል፤ እሷም በነጠላዋ ከልላ በጓሮ ታስገባዋለች። ድሮ ሁለት መቶ ሃምሳ ብር ትሸጠው የነበረውን እስር አሁን ሦስት መቶ ሃምሳ ትለዋለች፣ ቃሚውም የፍርሃቱን ዋጋ ጨምሮ ይከፍላል። አንድ ነገር ብቻ ተለወጠ። ድሮ ሰው ገዝቶ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። አሁን ከታሸገ ቤት ጫት ይዞ መውጣት ስለሚያስፈራ ሁሉም እዚያው ኋላ ክፍል ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብሎ ቅሞ ይሄዳል። አስተማሪው፣ ሾፌሩ፣ የጤና ጣቢያው ሰው፤ ሁሉም ድምፁን ቀንሶ። ለዚህ ነው ገራባው የበዛው፤ ቃሚ የሚጥለው እንጨቱና ሻካራው ቅጠሉ ጠዋት ጠዋት በክምር ይጠረጋል።

ጤናዬ ለዛሬ ጥንቃቄ አድርጋለች። ከሰዓት በኋላ በአቤቱታዋ ከከተማው ታዝዞ እንደገና ሊለካ ነው፤ ዛሬ ሜትሩ ካልሞላ ወይም ከእሽግ በኋላ መሸጧ ከታወቀ ፈቃዷ ለዘለዓለም ይሰረዛል። ስለዚህ ቻላቸውን «ዛሬ እንዳታመጣ» ብላዋለች፤ ምንጣፉን አራግፋ ወለሉን በውሃ አጥባለች። ገራባውን ግን እንደ ወትሮው ጠርጋ በጓሮ በር ወረወረችው። ገራባ ለእሷ ጫት አይደለም። ጥራጊ ነው።

በጎቹ ቀድመው ደርሰው ነበር። የጎረቤቷ የዝናሽ በጎች ናቸው፤ ዝናሽ ሽሮና በርበሬ የምትቸረችር ሴት ስትሆን ለእንቁጣጣሽ ልትሸጣቸው በጎች ትቀልባለች። በግ ገራባ ከለመደ እንደ ቃሚ ነው፤ ሰዓቱ ሲያልፍ ይቅበጠበጣል፣ በር በቀንዱ ይመታል። ሙክቱ ዛሬም ግንባሩን ከሳንቃው አስደግፎ ሲጠብቅ ነበርና ገራባውን መሬት ሳይነካ ነጠቀ። ዝናሽም በአጥሩ ክፍተት ብቅ አለች።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ የኔ እመቤት፤ ፉርሽካው እንዲህ በተወደደበት ዘመን» አለች። ከዚያ ግራ ቀኙን አይታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እኔ እንኳ ነገር አልወድም፤ ታውቂኛለሽ። ግን እትዬ ደህና ናቸው?»

«ምነው?»

«ዛሬ ከቅጽሩ አልገቡም እኮ። ከውጭ፣ ከወይራው ሥር ቆመው ሲያለቅሱ አየኋቸው። ደግሞ ከትናንት ወዲያ… ተይው ይቅር።»

«ተናገሪ እንጂ! ጀምረሽማ አትተይው!»

«ከትናንት ወዲያ ከቀበሌ ሲወጡ አየኋቸው። ያርጋል እጃቸውን ይዞ እስከ በሩ ሸኛቸው። ዝቅ ብሎ እጅ ነስቶ! ያ ለእናቱ እንኳ አንገቱን የማይደፋ ሰውዬ።»

እትዬ ቀበሌ ምን አላቸው? መታወቂያ አያሳድሱ፣ ለስኳር አይሰለፉ። ያርጋልስ ለማን ብሎ ነው ዝቅ የሚለው? ዝናሽ ሌላም ነገር ስታወራ ነበር፣ ጤናዬ አልሰማቻትም። ወደ ቤት ገብታ የእትዬን ጀርባ እንደገና አየችው። አሁን ሁሉም ገጠመላት። እትዬ ይሄን ንግድ ከመጀመሪያውም አልወደዱትም፤ ሱቁ የተከፈተ ዕለት «የወንድሜን ቤት የቃሚ መናኸሪያ አደረግሽው፤ ሽሮ ብትሸጪ ምን ነበረበት?» ብለዋታል። አሁን እንደገና ሊለካ መሆኑን ሲሰሙ፣ እንዳይከፈትላት ሄደው ተናግረዋል። የወንድማቸውን ሚስት አሳልፈው ሰጥተው ደግሞ በምን አፋቸው ይቁረቡ? ለዚህ ነው ከደጅ የቆሙት። ኅሊናቸው አላስገባ ብሏቸው ነው! እንዲህ ብላ ራሷን አሳመነች።

ቁርስ አቀረበችላቸው። አልበሉም። «ቅዳሴው ካለቀ ቆየ፤ ለምን አይቀምሱም?» አለቻቸው፤ «ይቅርብኝ» አሉ። ክፍሏ ጠባብ ናት፦ ሁለት መደብ፣ አንድ ቁም ሣጥን፣ ግድግዳው ላይ የአለነ ፎቶግራፍ፣ ከጣራው ቆርቆሮ የካፊያው ድምፅ። በዚህች ክፍል ሁለት ሰው ሳይነጋገር መዋል ከባድ ነው፤ አንዷ ስትተነፍስ ሌላዋ ትሰማለች። ጤናዬ አንዴ ዕቃ ታጋጫለች፣ አንዴ ትቆማለች፣ እትዬ ግን አንገታቸውን እንኳ አላዞሩም። በመጨረሻ ነጠላዋን መንጭቃ ወጣች።

ቀበሌው ግቢ ውስጥ ያርጋል በጥላ ሥር ቆሞ ጥርሱን በእንጨት ይፍቅ ነበር። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ሲስቅም ዓይኑ የማይስቅ ሰው ነው። ጤናዬ መለካቱ በስንት ሰዓት እንደሆነ ለመጠየቅ የመጣች መሰለች።

«ዘጠኝ ሰዓት እንመጣለን» አለ። «ከከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሰው ይላካል፣ ቤተ ክርስቲያኑን ወክለው ቄስ ድረስ ይገኛሉ። መቼም የሚያስፈራሽ ነገር የለም፣ አይደለም?»

«ምን ያስፈራኛል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ሰው ይናገራል። በኋላ በር ይወጣል ይገባል ይባላል።»

«ማነው ያለው?»

ያርጋል እንጨቱን ከአፉ አውጥቶ አየው። «ጠቋሚ ይነገራል እንዴ፣ ጤናዬ? ሥራችን ምን ሊሆን ነው?» ብሎ ሳቀ።

ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋታል? ስትመለስ ደርቤ ከሱቁ ደጃፍ ውሃ የተረጨ እስር እየደረደረ «እንዴት ዋልሽ?» አላት፤ መልስ ሳትሰጠው አለፈች። እቤት ስትደርስ እትዬ እንደተወቻቸው ተቀምጠዋል። በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።

«እትዬ፣ ከትናንት ወዲያ ቀበሌ ሄደዋል?»

እትዬ ቀስ ብለው ዞሩ። ዓይናቸው አብጧል። «ሄጃለሁ» አሉ።

«ምን ሊሉ?»

«እሱን አልነግርሽም።»

«አይነግሩኝም!» ጤናዬ ሳቀች፤ ሳቁ ራሷንም አስደነገጣት። «እኔ ልንገርዎ? ጤናዬ በጓሮ ትሸጣለች፣ የወንድሜን ቤት አርክሳለች፣ ዝጉልኝ ብለዋቸዋል። እኔ እዚህ ልጅ አስተምራለሁ ብዬ ስንገበገብ፣ እርስዎ በዳዊትዎ ተከልለው ጉድጓዴን ሲቆፍሩ ከረሙ።»

«እኔ ነኝ ብለሽ ነው?»

«ሌላ ማን ይሆናል? ኋላ ክፍል የሚሆነውን ከእርስዎ በቀር ማን ያውቃል? ቃሚው ራሱን አይጠቁም!»

እትዬ አፋቸውን ከፈት አደረጉና መልሰው ዘጉት። ያ ዝምታ ጤናዬን ከስድብ በላይ አሳበዳት። ቢምሉላት፣ ቢረግሟት፣ ቢያለቅሱባት በወደደች።

«እንግዲህ ይሂዱልኝ» አለች። «ዳባት የእህትዎ ልጅ አምሳል አለችልዎ። እኔ ጠቋሚ ስቀልብ አልኖርም።»

ወይ አንደበት! ቃሉ ከአፏ ሲወጣ እሷም ሰማችው፤ መመለስ ግን አልቻለችም። እትዬ ተነሱ። ጋቢያቸውን አጠፉ፣ ዳዊታቸውን በማኅደሩ ከተቱ፣ አንድ ቀሚስና የቆዳ ጫማቸውን በፌስታል ያዙ። ከሃያ ዓመት በላይ የኖሩበትን ቤት ለመልቀቅ የወሰደባቸው ጊዜ ይህን ያህል ነው። ፎቶግራፉ ጋ ሲደርሱ ቆሙና የአለነን ፊት በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ አደረጉት። ከዚያ «ማድጋው ላይ ክዳን አድርጊበት፤ አቧራ እየገባበት ነው» ብለው ወጡ። ጤናዬ በመስኮቱ አየቻቸው። ጭቃውን እየመረጡ፣ አጥር እየተደገፉ ወደ መናኸሪያው ወረዱ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጡ። ከከተማው የተላከችው ገና ወጣት ሴት ናት፤ ቦት ጫማ አድርጋ፣ ሜትሩን በትከሻዋ አንግታ፣ ቀልድ የማታውቅ ዓይነት። ቄስ ድረስ ጥቁር ካባቸውን ደርበው በጥላ መጡ። እሳቸው የእትዬ የትናየት የንስሐ አባት ናቸው፤ ጤናዬን ሰላም ሲሏት ግን ዓይናቸውን አላሳረፉባትም። ያርጋል ከኋላ እየሳቀ ይከተላል። ዝናሽም «ምን ተገኘ» ብላ ከሱቋ ወጥታ ደረሰች። ወጣቷ የታሸገውን የፊት በር አየች፣ ወረቀቱ እንዳልተነካ አረጋገጠች፣ ከዚያ «ቤቱ ሌላ መግቢያ አለው?» አለች።

«የጓሮ በር አለ» አለች ጤናዬ። «ለውሃ፣ ለጥራጊ…»

«ልየው።»

በኋላው ክፍል አለፉ። ክፍሉ ንጹሕ ነው፣ ወለሉ ገና አልደረቀም፣ ቅጠል የሚባል ነገር የለም። ጤናዬ ልቧ መለስ አለ። ወጣቷ መወርወሪያውን ሳበችና የጓሮውን በር ከፈተች። ያኔ ጉዱ ገባ። ሙክቱ እንደ ቤተኛ ሰተት ብሎ ገባ፣ ሌሎቹ ተከተሉት፤ ቄስ ድረስ ካባቸውን ሰብስበው ከግድግዳው ተለጠፉ። በጎቹ ማንንም አላዩም። በቀጥታ ቃሚዎቹ ከሚቀመጡበት ጥግ ሄደው ምንጣፉን ያሸቱ ጀመር፤ አንዷ ጠርዙን በጥርሷ ገልጣ ከሥሩ ተረስታ የቀረች ቀንበጥ አገኘችና እዚያው እንደቆመች አኘከቻት። ዝናሽ «በስመ አብ! ውጡ! ኧረ ውጡ!» እያለች ስትሯሯጥ፣ ያርጋል ሆዱን ይዞ እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

«ዝናሽ፣ በጎችሽ እኮ ደንበኛ ሆነዋል!» አለ ዓይኑን እየጠረገ። ከዚያ ወደ ወጣቷ ዞረ። «እኛንም ያስጠረጠረን ይሄው ነው። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ መጥቶ፣ በታሸገው ጫት ቤት ጓሮ በጎች ጠዋት ጠዋት ተሰልፈው ገራባ ይበላሉ አለኝ። ማንም ሌላ የነገረን የለም። እኔም ላጣራ ብዬ የሟች ባሏን እህት አስጠራኋቸው። ቆራቢ ናቸው፣ አይዋሹም ብዬ። ቄስ ድረስ ወንጌሉን ይዘው ቆሙ፤ ሴትዮዋ እጃቸውን አሳርፈው፣ እዚያ ቤት ጫት አይሸጥም፣ በጎቹ የሚበሉት የድሮ ገራባ ነው ብለው ማሉ። እኔ ከዚያ ወዲያ ምን እላለሁ? እጅ ነስቼ ሸኘኋቸው።»

ጤናዬ በሩን ያዘች። ዝናሽ በጓን እንዳቀፈች ደርቃ ቀረች፤ እሷም በወሬዋ ምን እንዳደረገች አሁን ገባት።

«አሁን ግን» አለ ያርጋል፤ ሳቁ ቆሟል፣ «የድሮ ገራባ በዚህ ዝናብ ሳይበሰብስ ይሄን ሁሉ ጊዜ ይቆያል? ይቺስ ቀንበጥ? እኔ በወንጌል የተማለን ነገር አፍርሼ አልናገርም። ጤናዬ፣ አንቺው ንገሪን። እትዬ የትናየት በሐሰት ነው የማሉት?»

ሁሉም እሷን አዩዋት፤ ቄስ ድረስ ብቻ መሬት መሬቱን ያያሉ። ጤናዬ እሳቸው እንደሚያውቁ አወቀች። እትዬ ነግረዋቸዋል፤ ለዚህ ነው ዛሬ ከደጅ የቆሙት፣ ለዚህ ነው ሳይቆርቡ የተመለሱት። ካህኑ ደግሞ የንስሐን ቃል አያወጡም። አሁን እሷ «ሸጫለሁ» ብትል ሱቋ ይዘጋል፤ ያ ብቻም አይደለም፣ ማታውን ደባርቅ በሙሉ ቆራቢዋ የትናየት ወንጌል ይዘው እንደዋሹ ይሰማል። «አልሸጥም» ብትል ደግሞ በመሐላቸው ላይ ቆማ በሯን አስከፈተች ማለት ነው። ለእትዬ ክብር ብላ እንደምትዋሽ ለራሷ ነገረች። ግማሹ እውነት ነበር። ግማሹ ግን ሱቁ ነው፣ ይህንንም ያኔውኑ፣ እዚያው እንደቆመች ታውቀዋለች።

«እትዬ አይዋሹም» አለች። «የማሉት እውነት ነው።»

ቄስ ድረስ መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ወጣቷ ሰዓቷን አየችና «እንግዲህ እንለካ» አለች። ያርጋል የሜትሩን ጫፍ ይዞ ወደ አጥሩ ሲያመራ ከኋላው ጠራችው።

«የጎረቤቱ ከየት ነው የተለካው?»

«ከበሩ… ያው ያኔ ዝናብ ነበርና…»

«ስታንዳርዱ አንድ መሆን አለበት። የእሱ ከበሩ ከሆነ የእሷም ከበሩ ነው። ወይም ሁለቱንም ከአጥሩ ለክተን ሁለቱንም እናሽጋለን።»

ያርጋል ወደ ደርቤ ሱቅ አየት አደረገ፤ ከዚያ ሳይከራከር ወደ ቤተ መቅደሱ በር ሄደ። ሞላ። ተርፎም ሞላ። እሽጉ ተቀደደ፣ ወጣቷ ፈርማ ሄደች፣ ዝናሽ ጥፋቷን ለመሸፈን ይሁን ከልቧ ደስ ብሏት እልልታዋን አቀለጠችው። ያርጋል ወደ ጤናዬ ጆሮ ጠጋ ብሎ «ነገ ብቅ እላለሁ፤ ደህናዋን እስር አስቀምጪልኝ» አላትና ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ ሄደ። ቄስ ድረስ ብቻ ቀሩ። ጥላቸውን ዘረጉ። «የት ናቸው?» አሉ። ጤናዬ በእጇ ወደ መናኸሪያው አመለከተች። ካህኑም «ቀኖና ሰጥቻቸዋለሁ፤ ረጅም ነው፣ የሚያግዛቸው ሰው ይፈልጋሉ» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ጤናዬ ሱቁን ክፍት ትታ ሮጠች። በአርባ አምስት ዓመቷ፣ ነጠላዋ ጭቃ ላይ እየተጎተተ፣ ሰው እያያት ሮጠች። በዓል ስለሆነ መናኸሪያው ጭር ብሏል፤ የዳባቱ ሚኒባስ ሰው እስኪሞላለት ከቀትር ጀምሮ ቆሟል፣ ረዳቱ «ዳባት የሞላ! ዳባት የሞላ!» እያለ ባዶ ወንበር ይጠራል። እትዬ በመስኮቱ በኩል ተቀምጠዋል፤ ፌስታሉ ጭናቸው ላይ ነው። ሲያዩአት መስኮቱን በሁለት እጃቸው ገፍተው ከፈቱት።

«ተከፈተልሽ?» አሉ።

«ተከፈተ፣ እትዬ።»

«እሰይ። ናዝራዊት ትምህርቷን ትጨርስ።»

ጤናዬ እንባዋ ቀደማት። «ሰማሁ» አለች። «ያርጋል ሁሉንም ተናገረ። እንዴት አይነግሩኝም? እንዴት ዝም ይላሉ? እኔ ያን ሁሉ ስናገርዎ፣ ስሰድብዎ፣ እንዴት አንዲት ቃል አይተነፍሱም?»

«ምን ልበልሽ? ለአንቺ ስል በሐሰት ማልሁ ብዬ ውለታ ልቁጠርብሽ? ደግሞስ ምን ደስ የሚል ነገር ሆኖ ነው የሚነገረው? ሳላስበው ነው የማልሁት። እምቢ ልላቸው ነበር የሄድሁት፤ ወንጌሉን ሳይ ልጅቱ ታየችኝ።»

«ይውረዱ። ቤትዎ እንሂድ። እግርዎ ላይ ልውደቅ፣ እዚሁ ጭቃው ላይ ልውደቅ፣ ይውረዱልኝ!»

እትዬ አልወረዱም፣ አልወርድምም አላሉም። ፊቷን ትክ ብለው አዩዋት። ለብዙ ዓመት አብረው ኖረው እንዲህ አይተዋት አያውቁም።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉ። «ጠቋሚዋ እርስዎ ነዎት ያልሽኝ ተናደሽ፣ አፍሽ አምልጦሽ ነው? ወይስ ከልብሽ አምነሽው ነው?»

ጤናዬ ጥያቄው ገባት። ተናድጄ ነው፣ አፌ አምልጦኝ ነው ብትላቸው ይወርዱ ነበር። ፌስታላቸውን አንስተው፣ በትከሻዋ ተደግፈው፣ ቤታቸው ይገቡ ነበር። ይህን ከፊታቸው ላይ አየችው፤ ሴትየዋ መውረጃ ምክንያት ነው የሚለምኗት። ቀላል ነው። አንዲት ትንሽ ቃል ናት። ነገር ግን ዛሬ በዚህች ሴት ስም የተዋሸው በቃኝ የሚያሰኝ ሆነባት፤ እኒያ በለቅሶ ያበጡ ዓይኖች እያዩዋት ሌላ ልትጨምርበት አልሆነላትም።

«ከልቤ አምኜ ነው፣ እትዬ» አለች።

እትዬ ራሳቸውን ቀስ ብለው ነቀነቁ። «ይሁን» አሉ። «እውነቱን ስለነገርሽኝ እግዜር ይስጥሽ።»

ረዳቱ የመጨረሻዎቹን ተሳፋሪዎች አስገብቶ በሩን ዘጋው፤ ሾፌሩም ሞተሩን አስነሳ። ጤናዬ የመስኮቱን ጠርዝ እንደያዘች ሁለት ሦስት እርምጃ አብራ ሄደች፤ መኪናው አስፋልቱ ጋ ሲደርስ ፍጥነት ጨመረና እጇ ለቀቀ።